ከመንጠቆው በፊት ወንዙ

ካፋ ሲነሳ ደንና ቡና አብረው ይነሳሉ። አካባቢው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብም ስሙን ያስጠራው የጫካ ቡናው ነው። ከዚያው ደን ሥር የሚፈልቁት ወንዞችና ዓሦቻቸው ግን እምብዛም አስታዋሽ የላቸውም። ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስለ ቱሪዝም የሚነገረው በርክቷል። በመንጠቆ ዓሣ እያጠመደ የሚዝናና እንግዳም ለአካባቢው ገቢ ሊያመጣ ይችላል። ይህ ገቢ የሚዘልቀው ግን ወንዙ ቀድሞ ከተጠበቀና ገንዘቡ ተመልሶ ለወንዙ ከዋለ ብቻ ነው።

በወንዞቹ ላይ ጉዳት ከሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው የብርብራ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ትንፋሽ አጥሮት ይንሳፈፋል፤ የሚለቀመው ትልቁ ቢሆንም ጫጩቱም አብሮ ያልቃል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን ከልክሏል። ሁለተኛው የእሸት ቡና መፈልፈያ ፍሳሽ ነው። ገለፈቱና ሙጫው ጅረት ውስጥ ሲብላላ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ክረምቱ አልፎ ውኃው እየቀነሰ በሚሄድበት የለቀማ ወቅት ነው። ከሺሺንዳ መንደሮች እስከ ጎጀብ ወንዝ ዳርቻ ማንም ቡና አጣቢ ፍሳሹን በጉድጓድ ሳያጠራ ወደ ወንዝ እንዳይለቅ ማድረግ ዓሣን የማዳን የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ሌላው ሊጠበቅ የሚገባው የመራቢያ ወቅት ነው። የጣና ሐይቅ ባርበስ ዓሦች ከነሐሴ እስከ ጥቅምት እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። አጥማጆች በወንዙ አፍ መረብ እየዘረጉ ስለጠበቋቸው ምርቱ በዐሥር ዓመት ውስጥ ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ካፋ ከዚህ ሳይማር ቢጀምር ያሳዝናል።

ገንዘቡን በተመለከተ የአሜሪካ ተሞክሮ ይጠቅማል። በ1950 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ በዘንግና በመንጠቆ መሸጫ ዋጋ ላይ የተጣለው ቀረጥ ለየግዛቱ የዓሣ ጥበቃ ይመለሳል፤ የፈቃድ ክፍያውን ለሌላ ጉዳይ ያዋለ ግዛትም ድርሻውን ያጣል። ዋናው ቁም ነገር ይህ ገደብ ነው። የፈቃድ ገንዘብ ወደ ጠቅላላ ካዝና ከገባ ጠባቂው ያለ ደመወዝ፣ ወንዙም ያለ ጠባቂ ይቀራል።

በባሌ ተራሮች እንደ ዌብ ባሉ ወንዞች ለመዝናኛ ተብሎ ከኬንያ የመጣ ትራውት የተባለ ዓሣ ተለቅቋል። ካፋ ይህን መንገድ መከተል የለበትም፤ መጤ ዓሣ አገሬውን ሊበላና ሊገፋ ይችላል። የጎጀብ የራሱ ዓሦች ይበቃሉ።

ለወንዙ ጥበቃ አዲስ ቢሮ መክፈት አያስፈልግም። በቦንጋ ዙሪያ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አሳታፊ የደን አስተዳደር ሲሠራበት ቆይቷል። ደኑን የሚጠብቁት ማኅበራት በደናቸው ውስጥ ለሚያልፈው ወንዝም ሥልጣን ይሰጣቸው፤ የመራቢያ ወራትን ይዝጉ፤ ከእንግዳው ክፍያ ድርሻቸውን ይውሰዱ። ለቤቱ የሚያጠምደው ድሃ ግን በቱሪስት ምክንያት ከወንዙ ሊባረር አይገባም፤ የወንዙን ጤና ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነውና።

የዞኑና የክልሉ ባለሥልጣናት ለመንጠቆ ፈቃድ ደንብ ከማውጣታቸው በፊት የቡና ፍሳሹን ያስቁሙ፣ ብርብራውን ያስቀሩ። ዓሣ የሌለበት ወንዝ እንግዳ አይጠራም።