«ምንም ስጋት የለብንም» የሚል ወረዳ

የወረዳ ሪፖርት አንብባችሁ ታውቃላችሁ? «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ርዕስ ሥር ምን እንደሚጻፍ ሳናየው እንነግራችኋለን፦ የበጀት እጥረት፣ የተሽከርካሪ እጥረት። «የተወሰደ መፍትሔ»፦ ያለውን አብቃቅቶ መጠቀም። አለቀ። «ይህ ተዳፋት በሚመጣው ክረምት ሊናድ ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚገባበት ቦታ የለም። አምበርም፣ ቢቸናም፣ ሞጣም ያለ የግብርና ባለሙያ ተዳፋቱን ከአዲስ አበባ ሰው በላይ ያውቀዋል። ቢጽፈው ግን በሚቀጥለው ግምገማ «ጨለምተኛ» ይባላል። ስለዚህ ዝም ይላል። (በሱ ቦታ ብንሆን እኛም ዝም ሳንል አንቀርም።)

ወረቀትማ ሞልቷል። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ እርዳታ ከማደል ቀድሞ ስጋትን መቀነስ ይሻላል ይላል። ጥሩ ይላል። ቢፒአርም፣ ካይዘንም ጥሩ ይሉ ነበር።

ሞጣና ቢቸና የዚህን ዝምታ ዋጋ በደም ከፍለዋል። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ገበሬው «ርስታችን ተለክቶ ሊወሰድብን ነው» ብሎ ሰጋ። በየመንደሩ የሚወራ ስጋት ነበር፤ አቤት ያለም ነበር። መልሱ ገማችና ፖሊስ ሆነ፤ ቀጥሎ ጦር፣ በክረምቱም የአየር ድብደባ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የግብሩ ውዝፍም ተማረ። ለመሆኑ ይህን ከቦምቡ በፊት ማድረግ ማን ከለከለ?

«ያ የንጉሡ ዘመን ነው» ትሉን ይሆናል። እሺ፣ ወደ ቅርቡ እንምጣ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ሰዎችን ቀበረ። ሊያወጧቸው የተሰበሰቡትን ደግሞ ተከትሎ የመጣው ናዳ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የሮጡት ጎረቤቶች ጥፋተኛ አይደሉም፤ ሰው ሲቀበር የኛ ሰው ይሮጣል። ያን ጊዜ «ቆዩ፣ ተራራው ገና አልረጋም» ብሎ የሚያስቆም፣ ሥልጣኑም እውቀቱም ያለው ሰው በየቀበሌው መኖር አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ሥልጠናና በአበል አይፈጠርም። በደህናው ቀን ክፉ ወሬ ተናግሮ ያልተቀጣ ሰው ነው በክፉ ቀን የሚደመጠው።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ባለሙያ የጻፈውን ስጋት አለቃው ፈርሞ ይቀበል፤ ምን እንዳደረገበትም ይጠየቅ። የየሩብ ዓመቱ ግምገማ «ምን ያሰጋችኋል?» ብሎ ይጀምር። «ምንም» የሚል ወረዳ ከተገኘ፣ መጀመሪያ እሱ ይገምገም።