የ“አገሬ አተር” ዘር ከጎተራ ካለቀ ማን ይተካዋል?

በሰሜን ወሎና በደቡብ ትግራይ ደጋማ ቦታዎች የሚዘራ አንድ ጥራጥሬ አለ። በአማርኛ “የአገሬ አተር” ወይም “ትንሹ አተር”፣ በትግርኛ “ደቆቆ” ይባላል። ከኢትዮጵያና ከየመን ውጭ የትውልድ ቦታ የለውም። የቅጠሉ ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ፣ አበባው ቀላ ያለ ሐምራዊ፣ ፍሬው ጥቃቅንና ጠቆር ያለ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ አሌክሳንደር ብራውን በ1841 እ.ኤ.አ. “ፒሱም አቢሲኒኩም” የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶታል። በዱር በቅሎ ግን እስካሁን አልተገኘም፤ ሕልውናው በገበሬው ማሳና ጎተራ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሽሮው ስለሚጣፍጥ በገበያ ከተራው አተር በላቀ ዋጋ ይሸጣል። ይህ ሆኖ ሳለ ማሳው አልሰፋም፤ ምርቱ አነስተኛ ነውና ማሳው የጠበበበት ገበሬ ስንዴና ገብስን ያስቀድማል። የሚገርመው፣ የውጭ ተመራማሪዎች አተርን በባክቴሪያ ከሚመጣ በሽታ የሚከላከል ባሕርይ ያገኙት በዚሁ ችላ በተባለ ዘር ውስጥ ነው።

አደጋው የሚጎላው በችግር ዘመን ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላንና አካባቢዋን ያዳረሰውን ዓይነት ጦርነት ወይም ድርቅ ሲመጣ ለዘር የተቀመጠው እህል ይበላል። የስንዴ ዘር በእርዳታም በግዢም ሊተካ ይችላል። የአገሬ አተር ምንጭ ግን በአብዛኛው የጎረቤት ጎተራ ነው፤ እርሱም ባዶ ከሆነ የት ይኬዳል? በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የዘር ባንክ አደራ ጠባቂ ነው እንጂ ዘር አከፋፋይ አይደለም። በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ እፍኝ ናሙና ተባዝቶ ለአንድ ቀበሌ እስኪበቃ ዓመታት ይፈጃል።

ማባዛቱን ለሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ብቻ መተው ግን አያስፈልግም። አተር ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው፤ የአገሬ አተር ከተራው አተር ጋር ቢዳቀል እንኳ ዲቃላው በአብዛኛው ፍሬ አይዝም። በመሆኑም በገነተ ማርያምም ሆነ በሌላው የላስታ ደጋ፣ ዘሩ ያለው ገበሬ ከተራ አተር ማሳ አጠገብ ቢዘራው ዝርያው አይበረዝበትም። የሚቀላቀለው አውድማ ላይ ነው። ጤናማውን ተክል ከአጨዳ በፊት ለይቶ መንቀል፣ ለብቻው መውቃት፣ በደንብ አድርቆ ነቀዝ በማይደርስበት ዕቃ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለዚህም አንድ ጥግ መሬት ይበቃል።