ሣጥኑ ሲበላሽ መዝገቡ አብሮት መጥፋት የለበትም

የነጋዴ መዝገብ ከሸቀጡ ያላነሰ ሀብት መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አስገድዶ ነበር፤ በእርሱ የተተካው የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ ይኸውም አዋጅ ቁጥር 1243፣ ይህንኑ ግዴታ አጽንቶታል፤ የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም ሰነድ ከአምስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ተጠብቆ እንዲቆይ ያዝዛል። የተለወጠው ነገር ቢኖር መዝገቡ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው።

ቀድሞ በደምበጫም ሆነ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የዱቤው፣ የእህሉና የበርበሬው ሒሳብ ሁሉ በጥራዝ ይጻፍ ነበር። ኋላ ወደ ኮምፒውተር ገባ። አሁን ደግሞ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ያለው ንግድ ቤት የሁሉንም ጽሑፍ በአንድነት የሚያኖርባት፣ በኔትዎርክ የምትገናኝ፣ ሁለት ወይም አራት ዲስክ የምትይዝ ትንሽ ሣጥን ሊገዛ ይችላል። ባለሙያዎች «ናስ» ይሏታል፤ ድስትና ብርት ከሚሠራበት ናስ ጋር ግን አንዳችም ዝምድና የላትም። ሲኖሎጂና ኪውናፕ የተባሉት የታይዋን ኩባንያዎች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው።

እንግዲህ አንድ የእህል ነጋዴ እንዲህ ያለ ሣጥን አለው እንበል። መብራት ይጠፋል፤ ሲመለስም ኃይሉ በዝቶ ይመለሳል፤ ሣጥኗም ከዚያ በኋላ አልበራ ትላለች። ነጋዴው የሦስት ዓመት ሒሳቡ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ በዚያን ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሞተው ሣጥኑ እንጂ መዝገቡ አይደለም፤ መዝገቡን የሚያጠፋው ከዚያ በኋላ በችኰላ የሚደረገው ነገር ነው።

ሣጥኑ ጎተራ ነው፤ እህሉ ያለው በዲስኮቹ ውስጥ ነው። ዲስኮቹ የሚይዙትም ሒሳቡን ብቻ አይደለም፤ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደ ተደራጁ የሚገልጸው ደንብ ጭምር በየዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ የሣጥኑ ኤሌክትሪክ ቢቃጠል፣ ዲስኮቹ ወደ ሌላ ተስማሚ ሣጥን ተዛውረው እንደ ቀድሞው ሊነበቡ ይችላሉ።

አስቀድሞ ግን ሣጥኑ በእርግጥ መበላሸቱን ማረጋገጥ ይገባል። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ዲስክ ሣጥኖች ከውጭ በሚሰካ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ኃይሉ በበዛ ጊዜ አስቀድሞ የሚቃጠለው ይኸው አዳፕተር ሊሆን ይችላል። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ ከቀድሞው የማያንስ፣ አሰካኩም ትክክለኛ የሆነ ሌላ አዳፕተር ተሰክቶ ቢበራ ነገሩ በጥቂት ብር ያልቃል።

ካልበራ ዲስኮቹ ከመውጣታቸው በፊት በየቀዳዳቸው ተራ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ቁጥር ይጻፍባቸው። አዲሱ ሣጥን የዚያው ፋብሪካ ሥራ ይሁን፤ የቀዳዳው ቁጥር ከዲስኮቹ ቁጥር አይነስ፤ የአሮጌውን ሣጥን ዲስክ የሚቀበል መሆኑም ከመግዛት በፊት ከፋብሪካው ዝርዝር ይታይ። የዲስኩን አጻጻፍ የማያውቅ ርካሽ ሣጥን ቢገዙት ጥቅም የለውም። ዲስኮቹ ሣጥኑ ጠፍቶ ሳለ በቀድሞው ተራቸው ይገባሉ፤ ከዚያም ይበራል።

ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ሣጥን ዲስኮቹን ሲያውቃቸው የቀድሞውን ይዞ መቀጠል ወይም ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር መፈለጉን ባለቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። ሣጥኑ የሌላ ፋብሪካ ከሆነ ግን ዲስኮቹን እንደ ባዶ ቈጥሮ ለማዘጋጀት ፈቃድ ይለምናል። ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኙትም እንዲሁ ነው፤ ዲስኩን ማንበብ ስለማይችል ፎርማት ላድርገው ወይ ይላል። የቸኰለ ሠራተኛ አንድ ጊዜ እሺ ቢል የዓመታት ሒሳብ ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ ከአጠገቡ ቆሞ፣ ጥያቄው በአማርኛ ሳይተረጐምለት ማናቸውም ቁልፍ እንዳይነካ ቢከለክል ነውር አይሆንበትም። የእነዚህ ሣጥኖች ውስጣዊ ሥርዐት በአመዛኙ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ተስማሚ ሣጥን ቢታጣ እንኳ ሊኑክስ የሚያውቅ ባለሙያ ዲስኮቹን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አገናኝቶ ጽሑፉን ሊያወጣ ይችላል። ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ የተቈለፈ ከሆነ ግን ቁልፉ በወረቀት ተጽፎ በካዝና መቀመጥ አለበት።

ሻጮች «ሁለት ዲስክ ስላለው አይጠፋም» እያሉ የሚያዘናጉበት ነገርም አለ። ዲስኮችን እንዲህ የማደራጀቱ ዘዴ ሬይድ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ባወጡት ጽሑፍ ነው። የዚህ ዘዴ ጥቅም አንዱ ዲስክ ቢሞት ሥራ እንዳይቆም ነው። ዳሩ ግን ሠራተኛ በስሕተት የደመሰሰው ሒሳብ ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ቅጽበት ይደመሰሳል። በአንድ ግቢ ያሉ ሁለት ጎተራዎች ለነቀዝ አንድ ናቸው፤ ለሌባና ለእሳትም እንዲሁ። ስለዚህ ሌላ ግልባጭ በተለየ ዲስክ ተቀድቶ፣ ቅዳሜ ማታ ከሱቁ ወጥቶ በሌላ ቤት ሊቀመጥ ይገባል።

ግልባጩ በኢንተርኔት ወደ ሩቅ አገር ቢላክ ይሻላል የሚሉ አሉ። በራሱ መጥፎ አሳብ አይደለም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ የሚዘነጋ አይደለም፤ መዝገቡን በዚያ ብቻ ያኖረ ነጋዴ የራሱን ሒሳብ ለማየት ይቸገር ነበር።

አዲስ አበባ ከደምበጫ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የተበላሸ ሣጥን ያለው ሰው ተስማሚውን ፍለጋ እስከዚያ ቢሄድ ሱቁ ሥራ ፈትቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ አሳብ እናቀርባለን። የደምበጫ፣ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ነጋድያን ሣጥን በሚገዙበት ጊዜ በአንድ ፋብሪካ ሥራ ላይ ይስማሙ፤ አንድ ባዶ መጠባበቂያ ሣጥንም በጋራ ገንዘብ ተገዝቶ በምክር ቤቱ ይቀመጥ። እድር ድንኳንና ድስት ገዝቶ የሚያኖረው አባላቱ ሁሉ በአንድ ቀን ሐዘን ስለሚደርስባቸው አይደለም፤ የደረሰበት ሰው ያን ቀን እንዳይቸገር ነው። ተወዳዳሪዬ ሒሳቤን ያይብኛል የሚል ሥጋት ቢነሣ፣ የጋራው ሣጥን ባዶ ነው፤ ዲስኩ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ባለቤቱ የራሱን አዲስ ሣጥን እስኪያስመጣ ተውሶ ይሠራበታል፣ ከዚያም ዲስኮቹን አውጥቶ ይመልሰዋል።

መጠባበቂያው ባለ አራት ቀዳዳ ቢሆን ይመረጣል፤ የባለ ሁለቱ ዲስኮች በባለ አራቱ ይገባሉ፣ የባለ አራቱ ግን በባለ ሁለቱ አይገቡም። የትኛው ፋብሪካ ይሁን የሚለውን፣ ቀድሞ ሣጥን የገዙት ነጋድያን የያዙት ዐይነት ተቈጥሮ ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ስብሰባ ቢወስነው መልካም ነው።