ጧሪና ጠያቂ

ሽማግሌ ሲመርቃችሁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላል፤ እናንተም «አሜን» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ምርቃቱን ግን ቆም ብላችሁ ብትመለከቱት ሁለት ሥራ ብቻ ይቈጥራል፤ አንደኛው በእርጅና ጊዜ መርዳት፥ ሁለተኛው በሞት ጊዜ መቅበር። በሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛው ሥራ፥ ይኸውም መጠየቅ፥ ስሙ አልተጠራም። አባቶቻችን ይህን ያልጠሩት ንቀውት አይመስለኝም፤ ልጅ ከአባቱ ደጅ ርቆ ስለማይሄድ ጠያቂ ይጠፋል ብለው ባይጠረጥሩ ይሆናል። ዛሬ ግን ልጅ በደመወዙ እየጦረ፥ ሳይጠይቅ የሚቀርበት ጊዜ መጥቷል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ስለ ጠያቂ እንጫወት።

በመጀመሪያ ስለ ጧሪው ጥቂት እንበል። ከመካከላችሁ አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ በየወሩ ከደመወዙ ላይ የሚቈረጠውን ገንዘብ ያውቀዋል፤ ጡረታ ይባላል። ቃሉ «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 209 ተደነገገ፤ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 715 የዚሁ ዕድል ተካፋይ ሆኑ። የእኛ የጎብዬና የቆቦ ገበሬ ግን የጡረታ መለያ ቍጥር የለውም፤ ጡረታው ልጁ ነው። ልጅም ጉልበትም ላጣው ችግረኛ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት አለ፤ መሥራት የሚችለው በልማት ሥራ ተሰማርቶ ሲከፈለው፥ መሥራት የማይችለው አረጋዊ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል።

ሕጉም ቢሆን ስለ ጧሪው ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል። ቀለብ ማለትም እንጀራ ብቻ ሳይሆን መኖሪያ፥ ልብስና ሕክምና ጭምር ነው። መጠየቅ ግን ከቀለቡ አልተቈጠረም።

ይህን ጉድለት በሕግ ልሙላ ያለች አገር አለች፤ እርስዋም ቻይና ናት። እዚያ ልጆች ለሥራ ወደ ትልልቅ ከተሞች እየፈለሱ ሽማግሌዎች ብቻቸውን ስለ ቀሩ፥ ከወላጆቹ ተለይቶ የሚኖር ልጅ አዘውትሮ እንዲጠይቃቸው ወይም ሰላምታ እንዲልክላቸው የሚያዝ ሕግ ከሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ወዲያውም በውሺ ከተማ አንድ ፍርድ ቤት፥ አንዲት ሴት የ77 ዓመት እናቷን ቢያንስ በየሁለት ወሩ አንድ ጊዜ እንድትጠይቅ ፈረደባት። እንግዲህ ዳኛ ልጅን እስከ እናቷ በር ድረስ ሊያደርሳት ይችላል። ከበሩ ወዲያ ገብታ ከእናቷ ጋር ምን እንደምትጫወት ግን በፍርድ ወረቀት የሚጻፍ ነገር አይደለም።

በአገራችንም ጧሪ ያጡትን የሚሰበስቡ ቤቶች ተነሥተዋል። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋመው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በጎዳና የወደቁትን እያነሣ ያጥባል፥ ያበላል፥ ያሳክማል። የከተማው ሰውም ልደቱንና ሠርጉን ሳይቀር እዚያ ሄዶ ከአረጋውያኑ ጋር ያከብራል። ይህ የሚመሰገን ነገር ነው። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ እንግዳ ሰው አረጋዊን ምን ብሎ ይጠይቃል? «እንደምን ነዎት?» ይላል። «ያ ቀይ በሬዎ ገደል የገባው በየትኛው ዓመት ነበር?» ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው የቤት ልጅ ብቻ ነው።

ነገሩ በእኛ በራያ ይከብዳል። ስንት የቆቦ ልጅ ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ተሻግራ የሰው አገር አሮጊት ታጥባለች፥ ትመግባለች፥ ሌሊት ሲጠሯት ትነሣለች፤ ከዚያ በምታገኘው ገንዘብ ደግሞ የገዛ እናቷን ትጦራለች። በእርስዋ ላይ የሚፈርድ የለም፤ በመካከል ባሕር አለና። የዛሬው ነገራችን ከአባቱ ቤት በአንድ ቀን አውቶቡስ፥ አንዳንዱም በእግሩ ከሚደርሰው ሰው ጋር ነው። ይህ ሰው በቴሌብር ገንዘብ ይልክና «ደረሰዎ?» ብሎ ይደውላል። ጧሪነቱ አይካድም። ነገር ግን «ደረሰዎ?» የተባለው ስለ ገንዘቡ እንጂ ስለ አባቱ አይደለም።

ለመሆኑ በቋንቋችን የታመመን ወይም ያረጀን ሰው ሄዶ ማየት ስለ ምን መጠየቅ ተባለ? ማየት ብቻ ቢሆን ዐይን ይበቃው ነበር፤ መስጠት ብቻ ቢሆን ገንዘብ ይበቃው ነበር። የሚጠይቅ ሰው ግን መልስ ይፈልጋል። መልሱ ካለበት ሰው ዘንድ የሚሄደው ስለሚያስፈልገው ነው። ሽማግሌም የሚራበው ይህን ነው፤ በዕድሜው ሁሉ ሲጠየቅ፥ ሲያስታርቅ፥ ሲመክር የኖረ ሰው አንድ ቀን ማንም ምንም የማይጠይቀው ሲሆን፥ እንጀራው ሞልቶ እያለ ራሱን እንደ ሌለ ይቈጥራል።

እኔ የአባቴ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። እርሳቸው ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ቤታቸውም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ክፍለ ጊዜዬን ስጨርስ በየቀኑ እሄዳለሁ። «እንደምን ዋሉ አባዬ?» ስላቸው «ተመስገን» ይላሉ፤ በዚያው ጨዋታው ያልቅ ነበር። አንድ ቀን ግን «አባዬ፥ ጎርፉ ከተራራው ሲወርድ መጀመሪያ ውሃ የሚደርሰው ለማን ነበር?» አልኋቸው። እንደምታውቁት በዚህ ቈላ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት የቈየ ጥበብ ነው። አባቴ ጋደም ብለው ነበር፤ ተነሥተው ተቀመጡ። ስለ ውሃ አባቱ፥ ተራ ስለሚጠበቅበት ሥርዓት፥ ቦይ ሊጠርግ ያልወጣ ሰው ተራው እንደሚዘለል፥ በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ አስረዱኝ። በማግሥቱ ገና ከደጅ ሳልገባ «ትናንት ያልነገርሁህ አለ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስመጣ ጥያቄዬንም ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ጠያቂ ለመሆን ለምታስቡ ጥቂት ምክር ልስጥ።

ጥያቄያችሁ የተወሰነ ይሁን። «ያለፈውን ዘመን ይንገሩኝ» ቢባል ማንም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እንደሚሉት፥ አረጋውያን አብልጠው የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ድረስ የኖሩትን ነው። እንግዲያስ ዛሬ ሰማንያ የሞላው የወሎ ሰው በ1966 ዓ.ም. ስለ ታየው ረኃብ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለ ታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፥ «ወሬውን ማን ነገረዎ? ያን ዕለት የት ነበሩ?» ቢባል የሚመልሰው አያጣም። በሚያዝያ ይዘራ የነበረው ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ለምን ቶሎ ለሚደርሰው ዘር ቦታ እየለቀቀ እንደ ሄደ ብትጠይቁትም፥ ስለ ዝናብ መዛባት የምታነቡትን ከማሳው ላይ ያስረዳችኋል።

አንዱን ወሬ አሥር ጊዜ ቢደግሙት «ነግረውኛል» አትበሏቸው። በአሥረኛው ጊዜ በዘጠኙ ያልነበረ ሰው ይገባበታል።

ስለ ዛሬም ጠይቋቸው። ስለ ቤት ኪራይ፥ ስለ ትዳር፥ ከአለቃችሁ ጋር ስላላችሁ ነገር አማክሯቸው፤ ምክራቸው ሲረዳችሁም ተመልሳችሁ ንገሯቸው። ለሽማግሌ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

አጥብቃችሁ የማትጠይቁትም አለ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦና አካባቢው በደረሰ ጊዜ ጉልበት ያለው ሲሸሽ መራመድ ያቃተው ሽማግሌ ከቤቱ ቀርቷል። ያን ጊዜ ያየውን አውጣ ማለት አይገባም። ራሱ ሲጀምረው ግን ሰዓታችሁን አትመልከቱ፤ ስልካችሁንም ዝጉት።

በሩቅ ያላችሁ ደግሞ የምትደውሉበት ሰዓት የታወቀ ይሁን፤ ጥያቄው ይቅደም፥ የገንዘቡ ነገር ይከተል።

«ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ያለው ከለቅሶ ቤት ነው። ለቀብር ሲሆን ሁላችንም ከአለቃ ፈቃድ ለምነን፥ ሌሊት ተጕዘን እንደርሳለን። በድንኳኑም ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጠን «ስንት ነገር ያውቁ ነበር» እንባባላለን። ያን ጊዜ ግን የምንጠይቀው እርስ በርሳችን ነው፤ የሚያውቁት ሰው የሉም።