የኒካሕ ምሳውን የት ልታበሉን አስባችኋል?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሸዋል ሲገባ በየመስጂዱ የኒካሕ ቀጠሮ ይደራረባል። ኒካሑ ራሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ወሊዩ ይቀመጣል፣ ሁለት ምስክሮች ይሰማሉ፣ መህሩ ይነገራል፣ ኢጃብና ቀቡሉ ይፈጸማል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ አለቀ። ወራት የሚፈጀው ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው፤ "ምሳውን የት እናድርገው?" የሚለው። ኒካሕ ለመመዝገብ ከሚመጡ ጥንዶች ጋር ስቀመጥ ስለ መህር ከሚጠይቁኝ ይልቅ ስለ ሆቴል የሚያወሩኝ ይበልጣሉ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሆቴሉ እናውራ።

አስቀድሜ የማልስማማበትን ልናገር። አንዳንድ ወንድሞች በደህና ምግብ ቤት የሚደረግን ድግስ ሁሉ ኪብርና ይዩልኝ ነው ብለው ይደመድማሉ። እኔ እንደዚያ አላይም። እንግዳን በመልካም ቦታ ማስተናገድ ነውር የለበትም። ደግሞ ኑሯችንን እንየው፤ ግማሻችን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ኮሚናል የምትሉት የጋራ መገልገያ ቤት የተሠራው ለእርድና ለድግስ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ሳይት ወይ ተቆልፏል ወይ ተከራይቷል። ዳስ ለመጣል ቦታም መንገድም የለም። እናትስ? ልጇ በሚዳርበት ቀን ሦስት ቀን ሙሉ ጭስ ውስጥ ቆማ፣ ኒካሑ ሲታሰር ሽንኩርት ስትከትፍ የምትውል እናት ስንት ናት? አንድ ቀን ተቀምጣ ብትበላ ማን ይከፋዋል? ስለዚህ ጉዳዩ ምግብ ቤት መሆኑ አይደለም። የትኛው ምግብ ቤት፣ ለማን፣ በማን ገንዘብ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለኒካሕ ድግስ ሰው ስትጠራ ሸክም እየጫንክበት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለወሊማ የተጠራ ሰው እንዲሄድ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ዘግበዋል፤ ብዙ ዑለማዎችም ከዚህ ተነስተው መገኘቱ ግዴታ ነው ብለዋል። በሌላ በኩል በቲርሚዚ በተዘገበ ሐዲሥ በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው ኸምር በሚዞርበት ማዕድ ላይ እንዳይቀመጥ ተከልክሏል። እንግዲህ አንተ ባር ያለበት፣ አስተናጋጁ በጠረጴዛችሁ አጠገብ ጠርሙስ ይዞ የሚመላለስበትን ቤት መርጠህ አጎትህን ስትጠራው ምን እያደረግህ ነው? ቢቀር ጥሪህን ጣሰ፣ ቢመጣ ልቡ አይቀበለውም። ቤተሰብ እንዳይቀየም ሲል ብቻ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ የሚበላ ስንት ሽማግሌ አለ። "እኛ ጠረጴዛ ላይ መጠጥ የለም" የሚለውን መልስ እሰማለሁ። በር ያለው ለብቻው አዳራሽ ከሆነና ወደ ውስጥ ምንም የማይገባ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። አንድ ሳሎን ውስጥ በመጋረጃ ተከልሎ ከሆነ ግን ራሳችንን ባንሸነግል ጥሩ ነው።

ወደ ሥጋው እንምጣ። በአገራችን ይህ ጉዳይ ከየትም በላይ ስስ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንኳ ሲደግሱ ለሙስሊም እንግዶቻቸው ሙስሊም አራጅ ጠርተው፣ ድስቱን ለይተው፣ ማዕዱን ለብቻ አዘጋጅተው ነው የሚጠሩን። ይህን ያህል የተጠበቀልንን ነገር እኛው በራሳችን ድግስ ላይ እናላላዋለን። ባለፈው ዓመት በአንድ የኒካሕ ምሳ ላይ ከወሎ ገጠር የመጡ የሙሽራዋ አያት ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ሥጋው ሲቀርብ አስተናጋጁን "ልጄ፣ ማን ነው ያረደው?" አሉት። አላወቀም። ጠይቆ ተመለሰና "ሐላል ነው ብለዋል" አላቸው። "ማን ነው ያለው?" ሲሉት ደግሞ መልስ አልነበረውም። አባባ ምንም ሳይሉ ሳህኑን ገፋ አድርገው ዳቦና ሰላጣ በሉ። እሳቸውን አይተው በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ጥብስ እንደቀረበ ተነሣ።

አንዳንድ ወጣቶች እዚህ ላይ የማኢዳን ሱራ አምስተኛ አያ አንስተው የኪታብ ባለቤቶች ምግብ ተፈቅዷል ይሉኛል። አያው እውነት ነው፣ በትርጓሜው ላይ ዑለማዎች የተናገሩትም ሰፊ ነው፤ የዛሬው ርዕሳችን ግን እሱ አይደለም። አንተ የፈለግኸውን ራእይ ብትይዝ፣ አያትህን የማይበሉት ማዕድ ላይ አስቀምጠህ ፊቅህ ልታስተምራቸው የኒካሕ ቀን አይመረጥም። ደግሞም ነገሩ በእርድ አያበቃም። የውጭ አገር ምግብ የሚሠሩ ቤቶች በአንድ መጥበሻ የአሳማ ሥጋም የበሬም ያወጣሉ፣ ወጥ ውስጥ ወይን ይጨምራሉ፣ ከኬኮቹ መሀል መጠጥ የተነከረ ወይም ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ጀላቲን ያለበት አለ። ቤቱ በተወደደ ቁጥር ይህ ጥያቄ የሚጠፋ ይመስለናል፤ እንዲያውም ይበዛል።

አሁን ገንዘቡ። ትልልቅ ቤቶች የሚነግሩህ የአንድ ሰው ሂሳብ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ሂሳብ አይደለም። እንበል ለአንድ ሰው 1,200 ብር ብለውህ 100 ሰው ጠራህ፤ 120,000 ብር ነው ብለህ ታስባለህ። የአገልግሎት ክፍያ 10 በመቶ ሲጨመር 132,000፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲያርፍበት 151,800 ብር ይሆናል። ውኃና ለስላሳው ለብቻው ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ይህ 31,800 ብር ልዩነት ለአንድ አዲስ ሙሽራ ቀላል አይደለም። የቤት ኪራይ ነው፣ ፍራሽ ነው።

ሂሳቡ ሲከብድ ከሁሉ በፊት የሚቀነሰው ምን ይመስላችኋል? አበባው አይደለም፣ ፎቶ አንሺውም አይደለም። ሰው ነው። ስም ዝርዝሩ ይወጣና ይሠረዛል፤ እና የሚሠረዙት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ሰዎች ናቸው። ሙሽራውን አሊፍ ባ ያስቀሩት ኡስታዝ፣ የሰፈሩ ጉሊት ነጋዴ እናት፣ ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ከገጠር ስድስት ሆነው የሚመጡት ዘመዶች። የሚቀሩት መኪና ያላቸውና ስጦታቸው የሚያስፈልገን ናቸው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲሥ ከምግብ ሁሉ ክፉው ሀብታሞች ተጠርተው ድሆች የተተዉበት የወሊማ ምግብ መሆኑ ተነግሯል። የሻፊዒዮችን ሚንሃጅ የቀራ ደረሳ ደግሞ ሌላም ነገር ያውቃል፤ ኢማሙ ነወዊ ለወሊማ ጥሪ መሄድን ካሰፈሩ በኋላ ከመስፈርቱ አንዱ ጠሪው ሀብታሞችን ብቻ ያልለየ መሆኑ ነው ይላሉ። አስቡት፤ ድሃውን ከዝርዝሩ ስትሠርዝ ሀብታሙ ላይ የነበረው የመገኘት ግዴታም አብሮ ይነሣል።

ከዚህ የባሰው ኒካሑን ራሱን ማስተላለፍ ነው። አንድ ወንድም ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ቀጠሮውን ሰርዙልኝ ብሎ መጣ። መህሩ ተዘጋጅቷል፣ ቤቱ ተከራይቷል፣ ልጅቷ ተስማምታለች። የልጅቷ ቤተሰብ ግን የታላቅ እህቷ ምሳ ከተበላበት ቤት ያነሰ አይሆንም ብለዋል፣ ቀብዱ አልሞላም። አምስት ወር ተላለፈ። ሁለት ወጣቶች ሐላል በራቸው ላይ ቆሞ አምስት ወር በስልክ ሲያወሩ ይክረሙ ማለት ነው? ወላጆች ሆይ፣ "ሰው ምን ይለናል" የሚለውን ከልጆቻችሁ ዲን በላይ አታድርጉት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ሲመለሱ ሶፊያን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ዳስ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ዳቦ የለ፤ ቁርበት ተነጥፎ ተምር፣ የደረቀ እርጎና ቅቤ ነው የቀረበው። ለዘይነብ (ረ.ዐ) ደግሞ በግ ታርዶ ሰው ሥጋና ዳቦ ጠግቦ ወጥቷል። ሲኖር ተደርጓል፣ ሳይኖር የነበረው ቀርቧል። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን (ረ.ዐ) የሚያህል ነጋዴ እንኳ የታዘዘው በአንድ በግም ቢሆን እንዲደግስ ነው።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ሁለቱን ለዩት። የሁለቱን ቤተሰብ ትልልቆች፣ ሃያም ሠላሳም ይሁኑ፣ ደህና ቤት ወስዳችሁ በክብር አብሉ። የቀረውን ገንዘብ በግ ግዙበት፤ በሰፈር ወይም በመድረሳ ታርዶ ጎረቤትና ደረሳ ይብላ። ሁለቱም ድግስ ነው፤ ማንም አልተሠረዘም። ለትልልቆቹ የየመንና የሶማሌ ምግብ ቤቶች በብዙ ከተሞቻችን አሉ፤ መጠጥ የሌለባቸው፣ ለቤተሰብ የተለየ ክፍል ያላቸው፣ መንዲውን በአንድ ትሪ የሚያቀርቡ። ከእብነ በረድ ወለላቸው ይልቅ ያ አንድ ትሪ ሁለት ቤተሰብ ያቀራርባል። ፎቶው ላይ እንደ ሆቴሉ አያምር ይሆናል፣ እሱን እቀበላለሁ።

ቤቱን ስትመርጡ በስልክ አትጨርሱ፤ ሄዳችሁ እዩ፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ሙዚቃው ምን ያህል ነው? ሽማግሌው ዱዓ ሲያደርጉ "አሚን" የሚል ሰው እንዲሰማቸው ይጠፋል ወይ? እህቶች ኒቃባቸውን ገልጠው የሚበሉበት ክፍል አለ? ደረጃው ስንት ነው፣ ጉልበት የሚያማቸው እናት ይወጡታል? ዉዱእ የት ይደረጋል፣ የት ይሰገዳል? የምሳ ድግስ 7 ሰዓት ተብሎ 8 ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ ዐስር ደግሞ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይገባል። ብዙ ኒካሕ ላይ መግሪብ ሲቃረብ ሰው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ሲሰግድ አይቻለሁ፤ ሴቶቹ ደግሞ ቤት ስንደርስ ይላሉ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊትም የሥጋውን ጉዳይ ከኃላፊው ጋር ተነጋገሩ። ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደሚመጣ ስሙን ይንገሯችሁ፤ ካልሆነም በጉን እናንተ አሳርዳችሁ እንዲሠሩላችሁ ጠይቁ፣ እሺ የሚሉ ቤቶች አሉ። ቫትና የአገልግሎት ክፍያው የተካተተበት የመጨረሻ ዋጋ፣ ቁጥሩ ቢቀንስ የሚመለሰው ገንዘብ፣ የተረፈው ምግብ ታሽጎ እንደሚሰጣችሁ ሁሉም በውሉ ላይ ይጻፍ። ለተረፈው ምግብ ከወንድሞቻችሁ አንዱን ከወዲሁ መድቡ፤ መኪናና ንጹሕ ዕቃ ይዞ ይጠብቅ፣ ከዐስር በኋላ ለደረሶቹ ያድርስ። በእኛ መስጂድ ያሉት ልጆች ከመግሪብ በፊት ከደረሰላቸው ትኩሱን ይበላሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።