መኪና ቆማ ሳለች ሞተር ስለ መጥፋቱ

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ በእነዋሪ ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን፣ አክስቴን ለሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን ለማድረስ አሮጌዪቱን መኪናዬን አስነሥቼ ወጣሁ። መኪናዪቱ ከሁለት ወር ጀምሮ አንድ ክፉ ዓመል አምጥታ ነበር፤ ስትሄድ ምንም አይልባትም፤ ለመቆም በተቃረበች ጊዜ ግን ሞተሩ ሁለት ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጥና ዝም ይላል። ይህም ዘወትር አይደለም፤ አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይጠፋና ሳምንት ሙሉ ደኅና ይሆናል። እንዲህ ያለው በሽታ ወባ እንደ ያዘው ሰው ነው፤ ከሐኪሙ ዘንድ በቀረበ ጊዜ ጤነኛ መስሎ ይታያል።

ከመንገዱ በፊት ለአንድ ሠራተኛ አሳይቼ ነበር። እሱም ነገሩን ሳያስረዝም የሚኒሞውን ብሎን በካቻቢቴ ጠምዝዞ የሞተሩን ዙር ከፍ አደረገና «ድናለች» ብሎ አስረከበኝ። ሚኒሞ የሚባለው እግር ከነዳጅ መስጫው በተነሣ ጊዜ ሞተሩ ሳይጠፋ በዝግታ የሚዞርበት ልክ ነው፤ ይኸውም በብዙ የቤንዚን መኪናዎች በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ነው። በእውነትም ከዚያ ወዲህ መጥፋቱ ቀረ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ገንዘቡን ከፈልሁ።

ደነባን አልፈን በአንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በያዝሁ ጊዜ ግን ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጠረብኝ። ባለ በሌለ ኀይሌ እየረገጥሁ፣ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ቀጥሎም ወደ አንደኛ አውርጄ፣ በእጅ ፍሬንም አግዤ፣ በጭንቅ ከመንገዱ ዳር አቆምኋት። አክስቴ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ የያዙት ምርኩዝ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የቀረውን መንገድ በእግረኛ ፍጥነት እያዘገምን ደብረ ብርሃን ገባን።

በማግሥቱ መኪናዪቱን ያየልኝ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ነው። ሽማግሌው የሞተሩን ክዳን እንኳ ሳይከፍቱ «ጌታው፣ የምትጠፋው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ለመቆም ስቃረብ ነው» አልሁ። «ፍሬን ረግጠው ሳሉ ነው ወይስ ሳይረግጡ?» ባሉኝ ጊዜ የምመልሰው አጣሁ። ሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው፤ ምስክር ሁሉ ቀኑንና ስፍራውን ለይቶ እንዲናገር ሲጠየቅ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ በገዛ መኪናዬ ነገር ግን ያለ ምስክር ፍርድ ሰጥቼ ኖሯል።

ሽማግሌው አስቀድመው ብሎኑን ወደ ቀድሞ ልኩ መለሱት። ከዚያ በኋላ እኔን ከመሪው አስቀምጠው «አይርገጡ» አሉኝ፤ ሞተሩ በጸጥታ ዞረ። «ይርገጡ» አሉኝ፤ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ ሦስቱም ጊዜ እንዲሁ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍሬኑ ፔዳል ፊት ለፊት፣ በሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ከበሮ የመሰለ ክብ ዕቃ አለ። ውስጡ በላስቲክ ሽፋን ለሁለት ተከፍሏል፤ ሞተሩም በቱቦ አየሩን እየሳበ ባዶነት ስለሚያደርግበት እግራችንን ያግዘዋል። የኔይቱ መኪና ላስቲክ ተቀዶ ኖሮ፣ ፍሬን በተረገጠ ቍጥር የውጭ አየር በቀዳዳው አልፎ ወደ ሞተሩ ይገባል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመንደድ 15 ኪሎ ያህል አየር ይሻል፤ በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚጠጣው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በጎን የገባው አየር ድብልቁን ያቀጥነውና ያጠፋዋል። ዙሩ ከፍ ባለ ጊዜ ግን ይችለዋል። እንግዲህ ያ ብሎን በሽታውን አላዳነውም፤ የሚመሰክርበትን አፍ ዘጋበት እንጂ።

ይህን ማንም በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ እስኪጠጥር ድረስ ደጋግሞ መርገጥ ነው፤ ከዚያም እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት። ፔዳሉ ከእግር በታች ጥቂት ዝቅ ካለ ደኅና ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ከበሮውን ወይም ቱቦውን ማስመርመር ያሻል። እኔ ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ሳልፈትን አልወጣም።

ለመጥፋት ሌላም ብዙ ምክንያት አለ፤ ሁሉም ግን በዚያው «መቼ ነው?» በሚለው ጥያቄ ይለያል። እነዋሪ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አገር ስለ ሆነ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌ የተባለችውን አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ባመጣ ጊዜም ሞተሩ የተነፈሰው እንዲህ ያለውን የደጋ አየር ነው። ለቆላ የተመጠነ ካርቡራቶር በደጋ ቤንዚን ያበዛል፤ ጢሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። በዚህ ላይ የአውድማ እብቅ የአየር ማጣሪያውን ሲደፍነው ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ በመውቂያ ወራት ማጣሪያውን በየሳምንቱ አውጥቶ ማራገፍ ይገባል።

ቤንዚን በተቀዳ ማግሥት የሚጠፋ እንደ ሆነ ውኃን መጠርጠር ነው፤ በተለይ ከጀሪካን የተገዛ ከሆነ። በጠርሙስ ቀድቶ ጥቂት ማስቀመጥ ነው፤ ውኃው ከባድ ስለ ሆነ ከታች ተለይቶ ይታያል። ሞተሩ ሲግል ብቻ ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሣ ከሆነ ቦቢናውን ማስመርመር ነው። ፉጨት የመሰለ ድምፅ ካለ ደግሞ የተሰነጠቀ ቱቦ አለና ይፈለግ።

በኮምፒዩተር የሚታዘዙት መኪናዎች በብሎን አይስተካከሉም። የአየር መግቢያ ጉሮሯቸው በጥላሸት ሲቆሽሽ ሚኒሞው ይወርዳል፤ ለዚሁ በተሠራ ፈሳሽ ይጠረጋል። ባትሪ ተነቅሎ በተመለሰ ጊዜም ኮምፒዩተሩ ልኩን እስኪማር ድረስ ጥቂት ሊንገዳገድ ይችላልና መደንገጥ አያስፈልግም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ በእጃችን ያሉትን አሮጌዎቹን በጥንቃቄ መያዝ ግድ ነው።

በጕዞ ላይ ሞተር የጠፋ እንደ ሆነ፣ ላስቲኩ ደኅና ለሆነ መኪና የፍሬን እገዛ ለአንድ ወይም ለሁለት እርግጫ ይቀራል። ስለዚህ ፔዳሉን ደጋግመው አይምቱት፤ አንድ ጊዜ ረግጠው፣ ሳይለቁ፣ እየጨመሩ ያቁሙ። መሪውም ይከብዳልና በሁለት እጅ ይያዝ፤ ቍልፉን ግን መኪናዪቱ ፈጽማ ሳትቆም አይንቀሉት፤ መሪው ይቈለፋልና።