ዣንጥላው ረጅም፣ ውኃው ሩቅ

በቻይናዋ ጓንዡ ጨርቅ ተራ የደረስኩት የተሳሳተ ባቡር ተሳፍሬ፣ አንድ ሰዓት ያህል ዞሬ፣ ዝናብ አበስብሶኝ ነው። የሱቁ ባለቤት የእናቴ እኩያ ናቸው። አንዴ ጫማዬን፣ አንዴ ፊቴን አዩና ሻይ እየቀዱ ለልጃቸው አራት ቃል ጣል አደረጉ። ልጅቷ ደረሰኝ ገልብጣ አራት ፊደል ጻፈችና በጣቷ እያሳየች ፈታችልኝ፤ ተራራ፣ ረጅም፣ ውኃ፣ ሩቅ።

«ሳን ቾንግ ሶይ ዩን» ብዬ ደገምኩ። እናትና ልጅ በሳቅ ፈረሱ። የጓንዡ ሰዎች ቋንቋ፣ ካንቶንኛ፣ ስድስት ዓይነት የድምፅ አወጣጥ አለው። «ሳን» ከፍ ተደርጎ ሲባል ተራራ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ካለ ዣንጥላ ይሆናል። ያውም የመጽሐፍ ቃል ነው፤ በዕለት ንግግራቸው ዣንጥላን «ዜ» ነው የሚሉት። ዝቅ ያለው «ሳን» «መበተን» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ስለሚገጥም፣ ለወዳጅ ዣንጥላ መስጠት ገዱ ጥሩ አይደለም ይላሉ። እኔ እንግዲህ ዣንጥላ ሳልይዝ በስብሼ ስለ ዣንጥላ ርዝመት አወራሁ።

ተራራው ካንቶንኛ ተናጋሪዎቹን ባሕር ማዶም ተከትሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1848 ካሊፎርኒያ ወርቅ ሲገኝ ከዚህ አካባቢ በመርከብ የተሻገሩት ሰዎች አገሩን «ጋም ሳን»፣ የወርቅ ተራራ አሉት። በ1851 አውስትራሊያም ወርቅ ሲገኝ ሜልቦርን «አዲሱ የወርቅ ተራራ» ተባለች። ሳን ፍራንሲስኮም ሳታስበው አረጀች፤ በቻይንኛ እስከ ዛሬ ስሟ «አሮጌው የወርቅ ተራራ» ነው።

«ተራራ ረጅም፣ ውኃ ሩቅ» የሚለው ሐረግ ግን የግድ ውቅያኖስ አይጠይቅም። ሆንግ ኮንግ ሁለመናዋ 1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያም ከከተማዋ ዳር በባቡር መጥቶ ሱቅ ዝግ ሆኖ የጠበቀው ሰው፣ ተራራውንና ውኃውን ጠርቶ ይማረራል። ስለዚህ «ረጅምና አስቸጋሪ ጉዞ» ብሎ መፍታት ለእኔ ደረቅ ነው። ተርጉም ብባል እናቴ እንግዳ በር ላይ ስታይ የምትለውን እወስዳለሁ፦ «ምነው፣ ይህን ያህል ደከማችሁ!» እንግዳው ከጎረቤት ሰፈር ቢመጣም ያው ነው።

ዋጋ ላይ ስንደርስ ተራራውም ውኃውም ተረሳ፤ ሴትየዋ ካልኩሌተሩ ላይ ከጻፉት አንድ ዩዋን አልቀነሱም። ዝናቡ ግን አላባራም። ከበሩ ጀርባ አሮጌ ዣንጥላ አውጥተው ሲያቀብሉኝ ልጅቷ ቶሎ ብላ ጣልቃ ገባች።

«ስጦታ አይደለም! ነገ አምጣው።»